ታላቁ ትንሽ ጨዋታ

የምነግራችሁ አገር ካርታ ላይ የለም፤ ፈልጋችሁ አትድከሙ። እኔም የሰማሁት ከአንድ መንገደኛ ነው፤ መንገደኛውም ከሌላ መንገደኛ። ውሸት ካለበት ውሸቱን ለሦስት ተካፍለነዋል ማለት ነው።

በዚያ አገር አንድ ታላቅ ጨዋታ ነበረ። ስሙም ታላቁ ጨዋታ ነው፤ ስም ለማውጣት ብዙ አይጨነቁም። በየወሩ ሦስት ቀን ይካሄዳል፤ እግሩ የሚችል ሰው ሁሉ የመጫወት ግዴታ አለበት። ሜዳው ላይ አርባ የእንጨት ፈረሰኞች አሉ፤ ቁመታቸው የሰው ያህላል፤ አባቶች ይባላሉ። ግማሹ ሕዝብ ሃያውን አባቶች ከምሥራቅ ይገፋል፤ ግማሹ ሃያውን ከምዕራብ። በሦስተኛው ቀን ሁልጊዜ ምሥራቆች ያሸንፋሉ፤ ድሮ ያሸነፉት እነሱ ናቸዋ፤ ታሪክ ደግሞ አይነካም። ምዕራቦች ዓመቱን ሙሉ የሚለማመዱት እንዴት አድርገው በጨዋነት እንደሚሸነፉ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጨዋታው ይቆማል። አባቶች ሜዳው ላይ ሲገፉ ውለው ጭቃ ስለሚለብሱ መታጠብና ፀሐይ ላይ መድረቅ አለባቸው። ይህን ግን አፍ አውጥቶ የሚናገር አልነበረም። በሕጉ መሠረት አባቶች አይቆሽሹም፤ የማይቆሽሽ ነገር አይታጠብም፤ የማይታጠብ ነገር ደግሞ አጣቢ የለውም። ስለዚህ አዋጅ ነጋሪው ብቅ ይልና "አባቶች እያረፉ ነው!" ብሎ ይጮኻል፤ ሕዝቡም ወደ መቆያው አዳራሽ ገብቶ ቁጭ ይላል። አጣቢው ሰው ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ማየትም ክልክል ነው፤ የሌለ ሰው እንዴት ይታያል?

የመቆያው አዳራሽ ዘበኛ አንዳርጌ ይባላል። ሥራው በሩን መክፈት፣ ወለሉን መጥረግ፣ በሩን መዝጋት ነው። ሥራ ላይ ያለ ሰው ሥራ ከፈታ ሰው ጋር እንዳይጨዋወት ሕግ ስለነበረ፣ አዳራሹ በሰው ጢም ብሎ ሳለ እሱ ደጃፉ አጠገብ ባለች የድንጋይ መደብ ላይ ለብቻው ይቀመጣል። አላገባም። ለምን አላገባህም ብሎ የጠየቀውም የለም። ከወር እስከ ወር አፉን የሚከፍተው ለመብላት ብቻ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው።

ታዲያ ብቸኝነቱ ሲበዛበት መደቧ ላይ በመሮ ዘጠኝ ጉድጓዶች በአንድ መስመር ፈለፈለ። ከወንዙ ዳር ሰባት ጠጠሮች ለቀመ፤ ስድስቱ ግራጫ ናቸው፤ ሰባተኛዋ ጥቁር ሆና ወገቧ ላይ ነጭ መስመር አላት። ጨዋታው ቀላል ነው። በየተራ አንድ ጠጠር አንድ ጉድጓድ ያህል ታንቀሳቅሳላችሁ። ሁለት ጠጠሮች አንድ ጉድጓድ ውስጥ ከተገናኙ ተያይዘው ይወጣሉ። ጥቁሯ ብቻ አትወጣም፤ ከሷ ጋር የተገናኘ ጠጠር ሌላ ግራጫ እስኪመጣለት ድረስ እዚያው ይቆያል። ስድስቱ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲያልቁ ጥቁሯ ብቻዋን ትቀራለች። አሸናፊ የለም። የመጨረሻዎቹን ጥንድ ያወጣ ሰው ጥቁሯን ደስ ያለው ጉድጓድ ውስጥ አስቀምጦ ይነሳል፤ ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው ከዚያ ይጀምራል። ሕጉ ይኸው ነው።

መጀመሪያ አንድ ምዕራቤ ሽማግሌ አየና ተቀመጠ። ቀጥሎ አንዲት ምሥራቄ። ከዚያ ወረፋ ተያዘ። ምሥራቅና ምዕራብ አንድ መደብ ላይ ፊት ለፊት ሲቀመጡ በዚያ አገር የመጀመሪያው ነበር፤ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ አዋጅ ነጋሪው ሲጠራቸው "ቆይ አንድ ጊዜ" ማለት ጀመሩ። አንዳርጌ ግን መጥረጊያውን ይዞ ቆሞ ያያል እንጂ አይጫወትም። ያወጣውን ጨዋታ መጫወት የማይችለው እሱ ብቻ ነበር።

ሰው ሁሉ ሲወጣ ግን ይቀመጣል። ጥቁሯን ጠጠር ሦስተኛው ጉድጓድ ውስጥ ያደርጋትና በሩን ዘግቶ ይሄዳል። በወሩ፣ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሲከፍት፣ ጠጠሯ አራተኛው ውስጥ ተቀምጣ ያገኛታል። መጀመሪያ ጊዜ አይጥ መሰለው። በሚቀጥለው ወር ወደ አምስተኛው ወሰዳት፤ ሲመለስ ስድስተኛው ውስጥ ናት። ሲያነሳት እርጥብ ነበረች።

አንዳርጌ ሞኝ አልነበረም። የውኃ ገንዳው ከአዳራሹ ጀርባ ነው፤ ወደ ገንዳው የሚያደርሰው መንገድ በአዳራሹ ውስጥ ያልፋል፤ በሩ ደግሞ ይዘጋል እንጂ አይቆለፍም። ጎህ ሲቀድ በዚያ የሚያልፍ አንድ የሌለ ሰው ብቻ አለ።

አንዲት ጠጠር ብቻዋን ምን ጨዋታ ይወጣታል ትሉኝ ይሆናል። እኔም መንገደኛውን ጠይቄዋለሁ። ለአንዳርጌ ግን ወጥቶታል። ጠጠሯ ወደ በሩ ስትጠጋ ሰውየው ደህና የሰነበተ፣ ስትርቅ የከፋው ይመስለው ነበር። እሱም እንደዚያው ይመልሳል። በወር አንድ ጊዜ፣ ፊቱን ከማያውቀው ሰው ጋር፣ አሥራ አንድ ዓመት ተጫወቱ። ለአንዳርጌ በዓለም ላይ የነበረው ሰው ያ የሌለው ሰው ብቻ ነበር።

ታዲያ አንድ ዓመት አገሩን ከሚገዛው ከታላቁ ቤት መርማሪዎች መጡና ሕዝቡን "ከታላቁ ጨዋታ የትኛውን ክፍል ትወዳላችሁ?" ብለው ጠየቁ። ከአሥር ሰው ዘጠኙ "አባቶች የሚያርፉበትን" አለ። ታላቁ ቤት መጀመሪያ ደነገጠ፤ ኋላ ግን ደስ አለው፤ ሕዝቡ አባቶቹን የሚወድ መሰለዋ። ነገሩ ሲጣራ ዘጠኝ ጉድጓድና ሰባት ጠጠር ሆኖ ተገኘ። ወዲያው የማስፊያ ሹሙ ተድባቡ ተላከ።

ተድባቡ ሥራው ትንሽ ነገር ፈልጎ ማስፋት ነው። ከዚህ በፊት የከተማውን ድልድይ አስፍቶ ከወንዙ ሦስት እጥፍ አስረዝሞታል፤ ሰው ደረቅ መሬት ላይ ሩብ ሰዓት በድልድይ ይሄዳል። ሰውየው ክፉ አልነበረም። የሚያሳዝነው ይኸው ነው።

"ይህን ያወጣኸው አንተ ነህ?" አለው አንዳርጌን።

"አዎ ጌታዬ።"

"ስሙ ማን ይባላል?"

"ስም የለውም። ና እንቀመጥ ይባባላሉ፣ ይቀመጣሉ።"

"ማን ያሸንፋል?"

"ማንም።"

"ታዲያ በምን ያልቃል?"

"አያልቅም ጌታዬ። አንዷ ትቀራለች፣ ለሚቀጥለው ሰው።"

ተድባቡ ደብተሩን አውጥቶ "ጉድለት፦ አያልቅም" ብሎ ጻፈ። ቀና ብሎም፣ "ይህ ጨዋታ እዚህ ጥግ መወሸቅ የለበትም። ራሱን ችሎ መቆም አለበት። ሜዳውን እንሰጠዋለን። አንተ ደግሞ የጨዋታው አባት ትሆናለህ። ምን ይመስልሃል?" አለው።

ምን ይመስልሃል ብሎ የጠየቀው ሰው ኖሮ አያውቅም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንዳርጌ ደስ አለው።

"መደቧ ግን እዚሁ ትቅር" አለ።

"መደቧማ ትከበራለች!" አለ ተድባቡ፤ ወረቀት ዘረጋለት። አንዳርጌም አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ፈረመ። ከፊርማው በላይ ምን እንደተጻፈ አላነበበም። የተጻፈው ይህ ነበር፦ ትንሹ ጨዋታ ራሱን ስለቻለ ታላቁ ጨዋታ ከሚቀጥለው ወር በኋላ ቀርቷል።

አዋጁ ሲነገር አንዳርጌ ጨዋታው መቅረቱን እንጂ ሌላውን አላሰበም። የመጨረሻው ወር ደረሰ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት በሩን ሲከፍት መደቧ ላይ ጥቁሯ ጠጠር የለችም። ዘጠኙንም ጉድጓዶች በጣቱ ዳሰሰ። ተንበርክኮ ወለሉን ፈተሸ፣ የጠረገውን ቆሻሻ ሳይቀር በተነ። ዘጠነኛው ጉድጓድ ውስጥ፣ በሩ አጠገብ ባለው፣ ትንሽ ውኃ ብቻ ነበር።

ያኔ ነው የገባው። ታላቁ ጨዋታ ከቀረ አባቶች አይገፉም፤ ካልተገፉ ጭቃ አይነካቸውም፤ ጭቃ ካልነካቸው የሚያጥባቸው ሰው አያስፈልግም። በወር አንድ ጊዜ ጎህ ሲቀድ በአዳራሹ የሚያልፈውን ሰው በገዛ አውራ ጣቱ አባሮታል። መደቧ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ሕዝቡ ወረፋ ይዞ ስለነበረ ግን ተነስቶ መጥረጊያውን ያዘ።

በማግስቱ ወደ ተድባቡ ሄደ።

"ጌታዬ፣ አባቶችን የሚያጥበው ሰው ወዴት ሄደ?"

"አባቶች አይታጠቡም።"

"አውቃለሁ። የሚያጥበውን ሰው ማለቴ ነው።"

"የሌለ ሰው ወዴት ይሄዳል አንዳርጌ?" አለው ተድባቡ፣ በእውነት ግራ ገብቶት።

እንግዲህ ጨዋታው ሰፋ። ዘጠኙ ጉድጓዶች ዘጠኝ መቶ ሆኑ፤ እያንዳንዳቸው ሰው ያሰምጣሉ። ጠጠሮቹ የበሬ ያህል ድንጋዮች ሆኑ፤ አንዱን ለማንቀሳቀስ አሥራ ስድስት ሰው ይፈልጋል። ከመጀመሩ በፊት የሚዘመር መዝሙር ተደረሰለት፤ ከመዝሙሩ በፊትም የመዝሙሩን ታሪክ የሚያስረዳ ሰው ተቀጠረ። ስሙንም ታላቁ ትንሽ ጨዋታ አሉት። ብቻዋን ስለምትቀረው ጠጠር የሊቃውንት ጉባኤ ተሰብስቦ ሦስት ቀን ተከራከረ፤ በመጨረሻ "ያልተጠናቀቀ ነገር ለአገር ገጽታ አይበጅም" ተባለና የድንጋዮቹ ቁጥር ሙሉ እንዲሆን ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ የሚቀር የለም። ሁሉም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል፤ ምሥራቆችም ያሸንፋሉ።

ሕዝቡ ግን አልሳቀም። ተድባቡ ይህ አሳስቦት አንዳርጌን ምክር ጠየቀው፤ አሁን "አንተ" ማለቱን ትቶ "እርስዎ" ይለው ነበር።

"ምን ጎደለው ይላሉ?"

"ይህ የመቆያ ጨዋታ ነበር" አለ አንዳርጌ። "ሰው ሌላ ነገር ሲጠብቅ የሚጫወተው ነው። አሁን የሚጠበቅ ነገር የለም።"

ተድባቡ ግንባሩን መታ። "መጠበቅ! መጠበቅ ነው የጎደለው!" በወሩ የማስጠበቂያ ሹም ከሦስት ምክትሎች ጋር ተሾመ። ሕዝቡ ወደ ሜዳው ከመግባቱ በፊት ሁለት ቀን ሙሉ ተሰልፎ እንዲቆም ተደረገ። ምን እንደሚጠብቁ ማንም አያውቅም፤ የማስጠበቂያ ሹሙም አያውቅም። ሰልፉ ላይ መቀመጥ፣ ጠጠር መያዝና መሬት መቆፈር ክልክል ነው፤ ሥርዓት ያበላሻል ተብሎ።

ያቺ መደብ እንደተባለው ተከበረች። ከሥሯ ተነቅላ የመስታወት ቤት ተሠራላት። የጠፋችው ጠጠር ቦታ ላይ ከብር የተሠራች አኖሩና እንዳትንቀሳቀስ አጣበቋት። ሰው እያለፈ ያያታል። መቀመጥ የለም።

አንዳርጌን አሥራ ሁለት ደረጃ ባለው ወንበር ላይ አወጡት። ሦስት ሕግ ነበረበት። የጨዋታው አባት ፊት ለፊት ማንም አይቀመጥም፤ የጨዋታው አባት ራሱ አይጫወትም፤ ወንበሩ ባዶ ከሆነ ጨዋታው ይቆማል። ተጫውቶ የጨረሰ ሰው ሁሉ በወንበሩ ሥር ያልፋል፣ የቀሚሱን ጫፍ ይስማል፣ በመውጫው በር ይወጣል። መውጫው የብረት ፍርግርግ ነው፤ አንዴ የወጣ ሰው የወረዳው ተራ እስኪደርስ አይመለስም። ወረዳው ብዙ ስለሆነ ተራ የሚደርሰው በስድስት ዓመት አንድ ጊዜ ነው።

በቀን ሦስት ሺህ ሰው የቀሚሱን ጫፍ ይስመው ነበር። ሆኖም ዘበኛ ሆኖ ደጃፍ ላይ ሲቀመጥ የነበረበት ብቸኝነት አሁን ካለበት ጋር ሲያስተያየው ጨዋታ ነበር። ስድስቱን ግራጫ ጠጠሮች ኪሱ ውስጥ ይዟቸዋል። ቀኑን ሙሉ በጣቱ ይቆጥራቸዋል። ስድስት ናቸው። መልሶ ይቆጥራል፤ ስድስት ናቸው።

በስድስተኛው ዓመት የአንድ ሩቅ የቆላ ወረዳ ተራ ደረሰ። ሰዎቹ በጋሪ አራት ቀን ተጉዘው መጡ፣ ሁለት ቀን ተሰለፉ፣ ድንጋይ ገፉ፣ ተሸነፉ፣ በወንበሩ ሥር ማለፍ ጀመሩ። ከመካከላቸው አንዲት ዕድሜዋ የገፋ ሴት ነበረች። ጎንበስ ብላ ቀሚሱን በመሳም ፋንታ እጇን ዘርግታ መዳፉ ውስጥ አንድ ነገር አኖረች። ጣቶቿ የተሰነጣጠቁ፣ ጥፍሮቿ ውኃ የበላቸው ነበሩ።

"ተራው የእርስዎ ነው" አለችው።

ጥቁሯ ጠጠር ነበረች። ወገቧ ላይ ያለው ነጭ መስመር ሲታሸት ኖሮ ሊጠፋ ምንም አልቀረው።

አንዳርጌ ቃል ከአፉ ሳይወጣ አሳላፊዎቹ "ይለፉ እናት፣ ይለፉ" እያሉ ሴትዮዋን ገፏት። ቀጣዩ ሰው ቀሚሱን ሳመ። ቀጥሎም ሌላው። ሴትዮዋ ፍርግርጉን አልፋ ስትወጣ ከላይ ሆኖ አያት፤ በሩም ከኋላዋ ተዘጋ።

አንዳርጌ ተነሳ። አሥራ ሁለቱን ደረጃ አንድ በአንድ ወረደ፤ ጉልበቱ ያመው ነበር። አሳላፊዎቹ ይህ ሲሆን አይተው ስለማያውቁ ይያዝ ወይስ እጅ ይነሳለት የሚለውን እርስ በርስ ሲጠያየቁ አለፋቸው። ጥሩምባ ተነፋ፤ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ጨዋታው ቆመ። አሥራ ስድስት ሰው የያዘውን ድንጋይ ለቀቀ።

ፍርግርጉ ጋ ሲደርስ ሴትዮዋ ጋሪው ላይ ልትወጣ አንድ እግሯን አንስታለች። አንዳርጌ እሷን የሚጠራበት ስም አልነበረውም።

"አሥራ አንድ ዓመት!" አለ ጮክ ብሎ።

ዞረች። እግሯን መልሳ መሬት አሳረፈች፣ መጣች፣ ከፍርግርጉ ወዲያ ማዶ ቁጭ አለች። እሱም ወዲህ ማዶ የክብር ቀሚሱን አጣጥፎ ቁጭ አለ።

"ስምዎ ማነው?" አላት።

"ይታክቱ።"

"ለምን ወሰዷት ወይዘሮ ይታክቱ? መሬት ለመሬት ፈለግኋት እኮ።"

"ትቻት ብሄድ እነሱ ይወስዷት ነበር። ጨዋታው እንዳያልቅብኝ ብዬ ነው።"

"እኔ ነኝ የፈረምኩት" አለ አንዳርጌ። "ከሥራዎ ያስወጣሁዎት እኔ ነኝ።"

"ሰምቻለሁ" አለች ይታክቱ። "ሁለት ዓመት ተቀይሜዎት ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ ጠጠሯን ባየሁ ቁጥር፣ ይህ ሰው አሁን ማን ይጫወትለት ይሆን እያልኩ አዝንልዎ ጀመር።"

በፍርግርጉ ሥር እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለ። አንዳርጌ አፈሩ ላይ በጣቱ ዘጠኝ ጉድጓዶች ቆፈረ፤ አራቱ ወዲህ፣ አራቱ ወዲያ፣ አምስተኛው ልክ ከብረቱ ሥር። ጠጠሯን ይዞ ብዙ አሰበ፤ ስድስት ዓመት ሲያስብ የኖረ ሰው አይመስልም ነበር። በመጨረሻ አምስተኛው ውስጥ አኖራት።

ይታክቱ ጎንበስ ብላ አየች። ባለጋሪው ሁለት ጊዜ ጠራት። በሦስተኛው ልጓሙን ሲስብ ሰማችና እጇን በብረቱ ሥር አስገብታ ጠጠሯን አነሳች።

"ቤቴ ሄጄ ላስብበት" አለች።

"አይቸኩሉ" አላት።

ጋሪው ሄደ። አንዳርጌ ካለበት አልተነሳም።

ሰልፉ ላይ የነበረው ዘጠኝ ሺህ ሰው ነገሩ ቆይቶ ደረሰው። ለስድስት ዓመት የማያውቀውን ሲጠብቅ የኖረ ሕዝብ አሁን የሚጠብቀው ነገር አገኘ፤ የጨዋታው አባት ወደ ወንበሩ መመለሱን። አንድ ሰው እግሩ ሲዝል ተቀመጠ። ከኋላው ያለው አየውና ተቀመጠ። የማስጠበቂያ ሹሙ ሊቆጣ አፉን ሲከፍት፣ ከሰልፉ ጫፍ አንዲት ሴት ጎረቤቷን "ና እንቀመጥ" ስትል ሰማ፤ አፈሩ ላይ በእንጨት ዘጠኝ ጉድጓዶች እየቆፈረች ነበር።

ተድባቡ እያለከለከ ወደ ፍርግርጉ መጣ። ደብተሩ በእጁ ነው።

"አባታችን፣ ምን ነካዎት? ወንበሩ ባዶ ነው! አገሩ ሁሉ ቆሟል! መቼ ነው የሚመለሱት?"

አንዳርጌ ስድስቱን ግራጫ ጠጠሮች ከኪሱ አውጥቶ አጠገቡ ደረደራቸው።

"የቆላው ወረዳ ተራ መቼ ይደርሳል?" ሲል ጠየቀ።

ተድባቡ ደብተሩን አገላበጠ። "በስድስት ዓመት።"

"እንግዲያውስ ተቀመጥ" አለው አንዳርጌ። "ተራው የእኔ አይደለም።"